ሁለት ክንድ መሬት

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት፣ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ጆን ሪጊንስ ያላወራልኝ በዕድሜ የገፋ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። በተለይ በአሮጌው የአርኤፍኬ ስታዲየም በኩል ካለፍን ወሬው ሳይጠራ ይመጣል። አነጋገራቸው ቢለያይም አጀማመራቸው አንድ ነበር፤ «አራተኛ ዳውን ነው፤ የቀረን አንድ ያርድ ነው።» «የቀረን» ነው የሚሉት፤ ራሳቸው ሜዳ ውስጥ የነበሩ ያህል። (ዳውን ማለት አንድ ሙከራ ነው፤ አራተኛው የመጨረሻው ነው።)

ቀኑ ጃንዋሪ 30፣ 1983 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና፤ ግጥሚያው 17ኛው ሱፐር ቦውል። ማያሚ 17 ለ 13 ይመራል። ጨዋታው ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ኳሷ ማያሚ ሜዳ 43 ያርድ ላይ ናት። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ላይ ኳሷን አስጠልዞ ለተጋጣሚው ያስረክባል። የዋሽንግተኑ ጆ ጊብስ ግን ለሪጊንስ አሰጡት። ሪጊንስ በግራ በኩል ወጣ፤ አንድ ተከላካይ ማሊያውን ጨበጠው፤ ማሊያው ከእጁ አመለጠ፤ ሰውየው 43 ያርድ ሮጦ ገባ። ዋሽንግተን 27 ለ 17 አሸነፈ። ተሳፋሪዎቼ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። ማሊያው ከእጁ ያመለጠው ሰው ማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ያርድ በእኛ ልክ ሁለት ክንድ ነው። ያደግሁት ሰው በአንድ ትልም ድንበር ለዓመታት ዳኛ ፊት በሚቆምበት ገጠር ስለሆነ፣ ለሁለት ክንድ መሬት ያን ያህል መፋለም አልገረመኝም። ያልገባኝ አሰላለፉ ነበር። እሱን ያስተማረኝ ልጄ ነው።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሲገባ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚማርበት ሃይስኩል ለአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ተመረጠ። አሰልጣኙ የሰጡት ቦታ የመከላከያው መስመር መካከል ነው። ኖዝ ታክል ይሉታል፤ ኳሷን ከሚያስነሳው ሰው ፊት ለፊት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገጥም ማለት ነው። እናቱ ለጉልበቱ ፈራች፣ እኔ ለአንገቱ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ «አባዬ፣ ና ላሳይህ» አለና ሲኒዎቹን ከረከቦቱ አንስቶ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው። እናቱ «ሲኒዬን!» ብላ ጮኸች፤ ግን አልተነሳችም።

ተጋጣሚውን በፈንዲሻ ሠራ። መሃል አንድ ፍሬ፣ ሴንተሩ። ግራና ቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከነሱ ቀጥሎ ሁለት ታክሎች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታይት ኤንዶች። ሰባት ፍሬ ትከሻ ለትከሻ። በየመካከላቸው ያለው ክፍተት የፊደል ስም አለው። ሴንተሩና ጋርዱ መካከል ያለው ኤ ነው፣ ቀጥሎ ቢ፣ ቀጥሎ ሲ፣ ከታይት ኤንዱ ውጭ ያለው ደግሞ ዲ። በሁለቱም ጎን ሲቆጠር ስምንት በር ይሆናል። በመደበኛ ጊዜ፣ አለኝ፣ ከፊት የሚቆሙት ሦስት ወይም አራት ሲኒዎች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ወደ ኋላ ተበትነው ሯጩንም ቅብብሉንም ይጠብቃሉ። አንድ ያርድ ስትቀር ግን… አለና ሲኒዎቹን በሁለት እጁ ወደ ፊት ገፋቸው። ስድስቱ መስመሩ ላይ ተደቅነው ስድስት በር ዘጉ። ከጀርባቸው ሁለት ላይንባከሮች የቀሩትን ሁለት በሮች ያዙ። የመጨረሻዎቹ ሦስትም ሩቅ አልቆሙም፤ አንገታቸውን አስግገው ቀረቡ።

«እሺ፣ አንተስ የትኛው ነህ?» አልኩት። ከሴንተሩ ጎን፣ ኤ ክፍተት ላይ የቆመችውን ሲኒ በጣቱ ነካ አደረጋት።

ያን ቀን ምንጣፉ ላይ ያየሁት አሰላለፍ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ያወቅሁት፣ ሬገን ኤርፖርት ተራ ይዤ ተሳፋሪ ስጠብቅ ባነበብኳቸው መጻሕፍት ነው። አንዱን ስጨርስ ሌላውን ያዝኩ። አሁን የማምነውን ልናገር፤ ይህ ጨዋታ ታሪኩን ሁሉ ሰው ከመስመሩ ወደ ኋላ ሲያነሳ የኖረ ጨዋታ ነው፤ የመጨረሻዋ ያርድ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ተወለደበት ቅርጽ ይመለሳል።

መጀመሪያ እንደ ራግቢ ሁሉም ተደራርቦ ኳሷን የሚሻማበት ግርግር ነበር። በ1880 በየል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ካምፕ ግፊት የወጣው ደንብ ኳሷን ለአንዱ ወገን አስያዘ፤ በሁለቱ መካከልም መስመር አሰመረ፤ ተጫዋቹንም ወደ 11 አወረደው። ወዲያው ሌላ ችግር መጣ። ኳሷን የያዘው ቡድን ሳይለቅ ሙሉ የጨዋታ አጋማሽ መቆየት ጀመረ። ስለዚህ በ1882 ልክ ተበጀለት፤ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ካልሄድክ ኳሷን ትለቃለህ። አምስቷ ያርድ እንድትታይ ሜዳው በነጭ መስመር ተሸነሸነ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ከሆነ፣ አንዱ ሙከራ የሚፈልገው ሁለት ያርድ እንኳን አይሞላም። ያኔ አጭር ያርድ የተለየ አጋጣሚ አልነበረም፤ ጨዋታው ሁሉ አጭር ያርድ ነበር።

በ1888 ተከላካይ ሯጩን ከወገብ በታች፣ እስከ ጉልበት ድረስ መያዝ ተፈቀደለት። በሜዳው ስፋት ተዘርዝሮ መሮጥ አላዋጣ ሲል አጥቂው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጋ፤ ሰው ተዛዝሎ በአንድ ነጥብ ላይ መግፋት ሆነ። የዚህ ነገር ጫፍ በኖቬምበር 1892 ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ታየ። ሎሪን ዲላንድ የሚባል፣ ራሱ ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ የቼስ አፍቃሪ፣ ለሃርቫርድ «የሚበር ሽብልቅ» የተባለውን አሰላለፍ ነደፈ። ተጫዋቾቹ ከሁለት አቅጣጫ በሩጫ መጥተው እንደ መጥረቢያ ስለት ይገጥሙና ከፊታቸው ያለውን አንድ ሰው ይደረምሳሉ። የዚያን ቀን ያሸነፈው 6 ለ 0 የል ቢሆንም አሰላለፉ አገር አዳረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታገደ፤ ግፊያው ግን በሌላ መልኩ ቀጠለ። በ1905 ብቻ 19 ተጫዋቾች መሞታቸው በጋዜጣ ተዘገበ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሃውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያርሙ መከሯቸው። ይህን ስለ ሞት የሚተርከውን ምዕራፍ ያነበብኩት ልጄ ልምምድ ላይ በነበረበት ሰዓት ነው፤ መጽሐፉን አጥፌ ወደ ሜዳው ነዳሁ።

እርማቱ በ1906 መጣ። ኳሷን ወደ ፊት በእጅ መወርወር ተፈቀደ፤ የሚፈለገው ርቀት 10 ያርድ ሆነ፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል የኳሷን ርዝመት ያህል የማይነካ መሬት ተተወ። በ1910 አጥቂው ሰባት ሰው መስመሩ ላይ እንዲያቆም ተገደደ፤ ሯጩን ከኋላ መግፋትና መጎተትም ተከለከለ። በ1912 አራተኛ ሙከራ ተጨመረ። ዛሬ ስታዲየም ሙሉ ሰው ቆሞ የሚጮህላት አራተኛዋ ዳውን ያኔ ተወለደች።

ለተከላካዩ ግን ስንት ሰው መስመሩ ላይ ማቆም እንዳለበት ያዘዘው ደንብ የለም። በራሱ ፈቃድ ሰባት ያቆም ነበር። ሰባት ከፊት፣ ሁለት ከኋላቸው፣ ሁለት ራቅ ብለው። ኳሷ በአየር መሄድ ስትለምድ ሰባቱ አላዋጡም። በ1930ዎቹ ስድስት ሆኑ። በዲሴምበር 1940 እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ቺካጎ ቤርስ ቲ በተባለ የማጥቃት አሰላለፍ የዋሽንግተንን ቡድን 73 ለ 0 ሲደመስስ አገሩ ሁሉ ቲን ተማረ፤ ተከላካዩም ወደ አምስት ወረደ። በ1950 የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ስቲቭ ኦወን «ጃንጥላ» የሚባለውን ዘዴ አውጥቶ፣ የዳር ሰዎቹን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ኋላ እየሳበ ክሊቭላንድን 6 ለ 0 ረታ። በ1954 የቺካጎው ቢል ጆርጅ ከመስመሩ መሃል ተነስቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንደቆመና ላይንባከር የሚባለውን ቦታ ዛሬ በምናውቀው መልክ እንደጀመረው ይነገራል። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት፣ አራት። በሰባ ዓመት ውስጥ መስመሩ ሳሳ።

ታዲያ ጎል መስመር አጠገብ ለምን ይመለሳሉ? ልጄ ይህንንም በሲኒ ነው ያሳየኝ። ከጎል መስመሩ ጀርባ ያለው ኤንድ ዞን ጥልቀቱ 10 ያርድ ነው። ኳሷ አንድ ያርድ ላይ ከሆነች ተቀባዩ ሮጦ የሚያልፈው 11 ያርድ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ የለም። እሩቅ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሥራ አጣ ማለት ነው። የሜዳው መጨረሻ መስመር እሱን ተክቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ፈጣኑን ቀጭን ልጅ አስወጥተህ ግዙፉን ታስገባለህ።

ግዝፈት ግን ብቻውን አይበቃም። አሰልጣኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ዝቅታን ነው። ልጄ ሳሎናችን ውስጥ ሁለት እጁን መሬት አስነክቶ፣ ወገቡን አንስቶ፣ አገጩን ምንጣፉ ሊነካ አንድ ስንዝር እስኪቀረው ወረደ። በዚህ አቋቋም የሚነሳ ሰው ሯጩን ለመያዝ አያስብም፤ አያየውምም። ሥራው ከፊቱ ካለው ሰው ትከሻ ሥር ገብቶ በሩን በገዛ ሰውነቱ መድፈን ነው። ሁለት ሰው በላዩ ከወደቀ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከፊት መሄጃ ያጣው ሯጭ በክምሩ ላይ ለመዝለል ይገደዳል፤ በአየር ላይ ደግሞ ከኋላ የመጣው ላይንባከር ይጠብቀዋል። ማታ በዜና የሚታየው ያ ላይንባከር ነው።

ዝቅ ማለት ምን ያህል እንደሚወስን የዳላሱ ተከላካይ ጄትሮ ፒው ያውቀው ነበር። በዲሴምበር 31፣ 1967 ግሪን ቤይ፣ ላምቦ ሜዳ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ከሣሩ ሥር የተዘረጋው ማሞቂያ አልሠራ ብሎ መሬቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ዳላስ 17 ለ 14 ይመራል። ግሪን ቤይ ጎሉ ሊነካ አንድ ያርድ ሲቀረው ሁለት ጊዜ ለዶኒ አንደርሰን ሰጠ፤ አንደርሰን እግሩ እየከዳው አልገባም። 16 ሴኮንድ ቀረ። ኳሷን ከሴንተሩ የሚቀበለው ሰው፣ ኳርተርባኩ ባርት ስታር፣ ወደ አሰልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ ሄዶ፣ ኳሷን እኔው ይዤ እገባለሁ አለ። የግሪን ቤዩ ጋርድ ጄሪ ክሬመር በዚያው ሳምንት ፊልም ሲመለከት ፒው ጎል መስመር ላይ ቀና ብሎ እንደሚነሳ አስተውሎ ለአሰልጣኙ ተናግሮ ነበር። ክሬመርና ሴንተሩ ኬን ቦውማን ከፒው ደረት ሥር ገቡ፤ ስታር ከኋላቸው ወደቀ። 21 ለ 17። ያ ፎቶግራፍ በየመጽሐፉ አለ፤ ፒው በየመጽሐፉ ይሸነፋል። ፒው ለዳላስ 14 የውድድር ዘመን የተጫወተ፣ ሁለት ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ሰው ነው። ታኬታው መያዣ ባጣበት በረዶ ላይ፣ ሁለት ሰው ተነጣጥሮበት፣ ለቅጽበት ቀና ያለባት አንዲት ጊዜ የስሙ ማስታወሻ ሆና መቅረቷ ያሳዝነኛል።

ለእኔ የዚህ ሥራ ሙሉ ሥዕል ያለው በጃንዋሪ 1፣ 1979 ነው፤ ኒው ኦርሊንስ፣ ሱፐርዶም፣ የኮሌጆቹ ሹገር ቦውል። አንደኛ ደረጃ የተሰጠው የአሰልጣኝ ጆ ፓተርኖ ፔን ስቴት፣ ሁለተኛ ደረጃ የተሰጠውን የአሰልጣኝ ቤር ብራያንት አላባማ ገጠመ። አላባማ 14 ለ 7 እየመራ በአራተኛው ሩብ ፔን ስቴት 8 ያርድ ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ዳውን ማት ሱሂ ሁለት ያርድ ወደ ፊት ሄደ። በሁለተኛው ኳርተርባኩ ቸክ ፉሲና ለስኮት ፊትዝኪ አቀበለ፤ ፊትዝኪ ወደ ጎሉ ሲዞር አንድ የአላባማ የዳር ተከላካይ ደርሶ አንድ ያርድ ላይ ከሜዳ አስወጣው። በሦስተኛው ሱሂ እንደገና ተሞከረ፤ ኢንቾች ሲቀሩት ክምሩ ዋጠው። ፉሲና የቀረውን ለማየት ወደ ኳሷ ሲጠጋ የአላባማው የመስመር ሰው ማርቲ ላየንስ ብታቀብል ይሻልሃል እንዳለው ይተረካል። አላቀበለም። በአራተኛው ማይክ ጉማን በላይ ዘለለ፤ ላይንባከሩ ባሪ ክራውስ በአየር ላይ ግንባር ለግንባር ገጠመው፤ ከኋላው የመጣው መሪ ሌግም አግዞ ገፋ። ኳሷ አልገባችም፤ ውጤቱ 14 ለ 7 ጸና።

ክራውስ በአላባማ እስከ ዛሬ በዚያች ቅጽበት ይታወቃል። ሠዓሊው ዳንኤል ሙር ስሙን ያስጠራው ይችኑ ቅጽበት ሥሎ ነው። ክራውስ ራሱ ግን ምስጋናውን ከፊቱ ለነበሩት ይሰጣል፤ እነሱ ዝቅ ብለው የፔን ስቴትን መስመር ባይደፍኑ ኖሮ ጉማን ለመዝለል አይገደድም ነበር።

አሁን ቃሌን ልጠብቅ። ፊትዝኪን አንድ ያርድ ላይ ያስወጣው የዳር ተከላካይ ዶን ማክኒል ይባላል። እሱ ያን ባያደርግ የክራውስ ግጥሚያ አይኖርም ነበር። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ማክኒል ለማያሚ ይጫወት ነበር። ፓሳዲና ላይ፣ አራተኛ ዳውን፣ አንድ ያርድ። የዋሽንግተኑ ታይት ኤንድ ክሊንት ዲዲዬ ኳሷ ሳትነሳ በመስመሩ ጀርባ መሮጥ ጀመረ፤ ማክኒል አብሮት ሄደ፤ ዲዲዬ ድንገት ሲመለስ ማክኒልም ሊመለስ ሲል እግሩ ተንሸራተተ። ተነስቶ ሪጊንስ ጋ ደረሰ፤ ግን በደረቱ ሳይሆን በእጁ ነው የደረሰው። ሌሎቹ ሁሉ በሮቹን ለመድፈን ወደ መስመሩ ገብተው ስለነበር ከእሱ ወዲያ የሚያስቆም አልተገኘም። የአጭር ያርድ አሰላለፍ አደጋው ይህ ነው፤ ሁሉን ሰው ከፊት ያቆመ ከኋላው ማንም የለውም። ያንኑ ሰው፣ አንድ ያርድ ላይ፣ አንዴ ሲያድን አንዴ ሲያመልጠው ካነበብኩ ወዲህ፣ ተሳፋሪ ሪጊንስን ሲያነሳልኝ ማክኒልን እነግረው ጀመር። አንድ ነጭ ፀጉር ሽማግሌ ቤቱ በር ላይ ደርሰን ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ሳይወርድ ቆይቶ አዳመጠኝ።

ሌላም ብዙ አለ። በ1982 በ16ኛው ሱፐር ቦውል ሳን ፍራንሲስኮ ሲንሲናቲን 3 ያርድ ላይ አራት ጊዜ አቁሟል። ሲንሲናቲ 113 ኪሎ የሚመዝነውን ፒት ጆንሰንን ሦስቴ ላከው፤ በመካከል አንዴ ወደ ዳር ለቻርልስ አሌክሳንደር ሲያቀብሉ ላይንባከሩ ዳን በንዝ ኳሷ እጁ እንደገባች ባለበት ጣለው። ጨዋታው 26 ለ 21 ነው ያለቀው፤ የዚያ አራት ሙከራ ዋጋ ከውጤቱ ይነበባል። በ2015 ደግሞ ኒው ኢንግላንድ ግዙፎቹን ከፊት ደርድሮ ሦስት የዳር ተከላካዮችን ብቻ ሲያስቀር፣ ሲያትል በሯጭ ፈንታ ማቀበልን መረጠ፤ ማልኮም በትለርም ኳሷን ጠለፋት። መስመሩ ሳይነካው ያሸነፈበት ቀን ብዬ ነው የምይዘው።

አሁን ደግሞ ጨዋታው ክቡን ዘግቶ ተመልሷል። በ1910 የተከለከለውን ሯጭ መግፋት፣ የባለሙያዎቹ ሊግ በ2005 ፈቀደው። ፊላዴልፊያ ከ2022 ጀምሮ ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስን ከኋላ በሁለት ሰው እያስገፋ አጭር ያርድን የቤት ሥራው አደረጋት። በጃንዋሪ 2025 የዋሽንግተኑ ፍራንኪ ሉቩ ኳሷ ሳትነሳ በክምሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዘለለ፤ ቡድኑ እንዲህ ያለውን ደጋግሞ ከቀጠለ ነጥቡን በውሳኔ ልንሰጥ እንችላለን ሲሉ የመሃል ዳኛው ለሕዝቡ አወጁ። በዚያው ዓመት በሜይ ግፊያው ይታገድ በሚለው ላይ ባለቤቶቹ ድምፅ ሰጡ፤ 24 ያስፈልግ ነበር፣ 22 ተገኘ። የሩዝቬልት ዘመን ክርክር፣ በሩዝቬልት ከተማ አጠገብ፣ በታክሲዬ ውስጥ እንደ አዲስ ሲካሄድ ሰምቻለሁ። እኔ ከእገዳው ጋር ነኝ። ከታች የተኛው ሰው አንገት የማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ በዝናብ፣ ተጋጣሚው አንድ ያርድ ላይ አራተኛ ዳውን ደረሰ። እኔና እናቱ ጃንጥላ ይዘን ከአጥሩ ሥር ቆመናል። መስመሮቹ ሲገጥሙ ድምፁ በር በኃይል ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ክምር ብቻ። ዳኞቹ አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ታች ወረዱ፤ የመጨረሻው የተነሳው ልጄ ነበር። ኳሷ አልገባችም። በድምፅ ማጉያው የተጠራው የላይንባከሩ ስም ነው።

መኪና ውስጥ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ከብረቱ መካከል ሣር እየለቀመ ተቀመጠ። «ምን አደረግህ?» አልኩት። «ሁለቱን ያዝኳቸው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

በሚቀጥለው እሑድ ቡናው ሲያበቃ ሲኒዎቹን ያነሳችው እናቱ ናት። ሰባት ፈንዲሻ ደረደረች፣ አንዷን ሲኒ ከመካከለኛው ፍሬ ጎን አስጠግታ፣ «ይቺ አንተ ነህ አይደል?» አለችው።

«አዎ እማዬ።»

«ከጎንህ የነበረውስ?»

ስሙን ነገራት። ሌላ ሲኒ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው። እሱም ከግራ ጀምሮ እስከ ቀኝ ዳር፣ የስድስቱንም ስም በተራ ጠራላት።